«የማለዳ እንግዳ» ምን ተባለ?

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ጣሃ፣

ክረምቱን እንዴት ወጣኸው? ወገል ጤና ያሉት እናትህስ ደህና ናቸው? እኛ ተመስገን፣ አለን። «አለን» ስልህ እንደ አገሩ ነው፤ ብዙ አትመርምረው።

ደብዳቤህን ምስጋኑ ትናንት ይዞልኝ መጣ፤ አስጎብኚው ምስጋኑ። የሚያስጎበኘው እንግዳ ስለጠፋ በአውሮፕላን አዲስ አበባ እየተመላለሰ የስልክ ዕቃ ያመጣል። ስልክ በማይሠራበት ከተማ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ሰው ሲስቅበት «ሲሠራ ትለምኑኛላችሁ» ይላል።

ለምን ዝም እንዳልኩህ ጠይቀሃል። ዝም አላልኩም። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ከረመ፤ ስልኩም ደስ ሲለው ነው። ሲገባም «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለን ያልቃል። የኮምፒውተር ጌማችን «የማለዳ እንግዳ» መውጣቱን የሰማሁት ካንተ ደብዳቤ ነው። ስንት ዓመት የሳልኩትን ነገር አገር ሁሉ አይቶት እኔ አላየሁትም። ልጇ ተድሮ ሠርጉን ከጎረቤት እንደሰማች እናት ሆኛለሁ።

አባባ ካንተ ወሬ መምጣቱን ሲያውቁ ከመደባቸው ቀና አሉ። «ምን ተባለ?» ነው የሚሉት። በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ለጌሙ ድምፃቸውን ስንቀዳ «ኧረ ልጆች፣ ይኼን የሚሰማ ሰው አለ?» እያሉ ሲያስቁን አልነበረም? አሁን ሰሚ መገኘቱን ካወቁ ወዲህ ዕረፍት የላቸውም። ማለዳ ከኪዳን ሲመለሱ «ምን ተባለ?»፤ ራት ሲቀርብ «ምን ተባለ?»። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ተቀኝቶ ሲጨርስ ጉባኤው ወይ «ይበል!» ይላል ወይ ዝም ይላል፤ ዝምታው ነው የሚገድለው ይላሉ። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።

እኔ የምስለው የለኝም። ሥዕል የሚገዛ እንግዳ ከሌለ ሰዓሊ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ አንተ አንብብልኝ። ሃያሲዎቹ ያሉትን ሁሉ፣ ክፉውንም ጭምር ጻፍልኝ።

እህትህ ንጋት


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ንጋት፣

ላንቺም ለአባትሽ ለየኔታም ሰላም ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ችላ ብዬ አይደለም፤ ምስጋኑ ሊሳፈር ሄዶ በረራው እየተሰረዘበት ደብዳቤው እጄ ላይ ሰነበተ። ይቅር በይኝ።

እንግዲህ ላንብብልሽ። አንድ እንግሊዛዊ ሃያሲ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «በዚህ ጌም ውስጥ እኔ ወለተ ሐና ነኝ። በሰው አገር የሞተ የአንድ ወጣት መርዶ ይዤ ጎህ ሳይቀድ በተራራ መንደር ከቤት ወደ ቤት እዞራለሁ። ለአጎት፣ ለጓደኛ፣ ለእህት፣ በመጨረሻ ለእናት። ማሰሮውን፣ በሩን፣ ውሻውን ጠቅ ባደረግኩ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ስለ ነካሁት ነገር ያወሩኛል። መጣደፍ አይቻልም። ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠየቅ መርዶ አይነገርም።»

ቀጥሎ ስላንቺ ነው፦ «ይህን ቀይ ድንጋይ የሳለው ሰው በእጁ ዳስሶት ያውቃል።» የሳልሽውን ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ትልቅ አድርገው አውጥተውታል። ከአሥር ሰባት ሰጥቶናል። ሌላው ስድስት። ናይሮቢ ያለች አንዲት ጸሐፊ ደግሞ ነጥብ አልሰጠችም፤ «ሦስተኛው ቤት ስደርስ ላፕቶፔን ዘግቼ ለእህቴ ደወልኩ» ብላ ነው የጨረሰችው። እሱን ሳነብ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተነስቼ ክፍሌን ጠረግኩ።

ስለ የኔታ ድምፅም ብዙ ተብሏል፤ እሱን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ። ቢሯችን ውስጥ ከነበሩት ልጆች የቀረሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ የተሻለ አገኙ፤ አልቀየምኳቸውም። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም።

የኔታን እጃቸውን ሳሚልኝ።

ጣሃ


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ጣሃ፣

እንደምን ሰነበትክ? የጻፍክልኝን ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ከአሥር ሰባት?» አሉ። «ሦስቷን ምን አደረጓት?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወደ ሳል ዞረባቸው። የናይሮቢዋን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ይቺ ‹ይበል› አለች» አሉኝ።

ስለ ጤናቸው ልንገርህ። ጉንፋኑ ደረት ገባ። አሁን ኪዳን አይሄዱም፤ ተማሪዎቻቸውም ወደ ቤት መምጣት ትተዋል። ከጤና ጣቢያ የሰጡኝ መድኃኒት አለ። ወልድያ ይዘሻቸው ሂጂ አሉኝ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግሥቱ ይዘጋል። ጋሸና ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ላይ እሳቸው «ገናን ቤቴ ልዋል» ብለዋል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። «ስለ የኔታ ድምፅም ብዙ ተብሏል» ብለህ ያለፍካት መስመር አላመለጠችኝም። ሳነብ ዘልያት ነበር። አባባ ግን ዓይናቸው ይድከም እንጂ ጆሯቸው ያው ነው፤ «ትንሽ ቆም ያልሽበት ቦታ አለ፤ ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ነቅፈውኛል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «ቅኔ ቤት ያልተነቀፈ ተማሪ አላየሁም። የት ላይ እንደሆነ ይንገሩኝና አስተካክለዋለሁ።» ለእህት መርዶ የሚነገርበትን ሦስተኛውን ቤት ሲያነቡ ደክሟቸው እንደነበረ ያውቃሉ። ማታ ማታ እሱን በቃላቸው ይለማመዳሉ።

ስለዚህ ጣሃ፣ በሞቴ፣ አታባብለኝ። እኔንም እሳቸውንም እንደ ሕፃን አትያዘን።

ንጋት


አዲስ አበባ፣ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ንጋት፣

የገናንም የጥምቀትንም የእንኳን አደረሳችሁ ቃል በአንድ ላይ ተቀበይኝ። የኔታ እንዴት ሆኑ? ወልድያስ ሄዳችሁ? ይህን ሳትመልሺልኝ ሌላውን አትመልሺ።

እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ያዘገየሁት አፍሬ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ታፈረ የሚባል ጌም እየተጫወተ በቪዲዮ የሚተች ልጅ አለ። ሰሚው ብዙ ነው። ስለኛ የሠራው እንዲህ ይላል፦ «ሰላምታ፣ ሰላምታ፣ ደግሞ ሰላምታ! መርዶውን ሳልሰማ እኔ ራሴ ልሞት ነበር።» ስለ የኔታ ደግሞ፦ «ተራኪው ሽማግሌ ከሟቹ ቀድመው የሞቱ ይመስላሉ።» ይህቺን ሰው እየተቀባበለ ሳቀባት። የውጭዎቹም ሦስቱ አራቱ በጨዋ ቋንቋ ያንኑ ነው ያሉት፦ ድምፁ ስሜት የለውም፣ ይጎተታል። የኔታ በሕይወታቸው ስንት መርዶ እንደተናገሩ፣ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ከፍና ዝቅ እንደማያደርግ ማን ያስረዳቸው?

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም። የዚሁ ልጅ ሌላ ቃል ከሁሉ በላይ ወግቶኛል፦ «ጌሙ በየቤቱ ያስገባናል። የእናትየው በር ጋ ሲደርስ ግን ስክሪኑ ይጨልምና ያበቃል። ጥበብ ነው ይሉ ይሆናል። እኔ ፈርተው ነው እላለሁ።» መጀመሪያ ተናደድኩ። እየዋለ ሲያድር ንዴቱ ሄደና ቃሉ ብቻ ቀረ።

አሳታሚዎቻችን ይህን ሁሉ አንብበው ሦስት ነገር ጠየቁ። የየኔታ ድምፅ ወጥቶ በተዋናይ ድምፅ ይተካ። ሰላምታውን መዝለያ ቁልፍ ይግባ። መጨረሻው ላይ ወለተ ሐና ገብታ ለእናትየው በግልጽ ትናገር። እምቢ ካልን ይለቁናል። ሦስተኛውን ቤት የኔታ ራሳቸው እንደገና ቢያነቡት ምናልባት ይቀበሉን ይሆን ብዬ አስባለሁ። መቅጃ ይዤ ልምጣ? ምን ልበላቸው? ብቻዬን መወሰን አልቻልኩም፤ ሥዕሉ ያንቺ ነው፣ ድምፁ የአባትሽ።

ይቅርታ ንጋት። እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ በመምጣቴ።

ጣሃ


ላሊበላ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጣሃ፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። ይህችን የምታመጣልህ ኤርፖርት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ምስጋኑ ሌላ ጉዳይ ይዟል።

እኛ ቤት ነን። ለጥምቀት እንግዳ ብዙም አልመጣም፤ የመጣው ከአካባቢው ነው። ብርዱ ዘንድሮ ጠንቷል። የጠየቅከኝን ሁሉ ዛሬ አልመልስልህም፤ አትቀየመኝ። ራሴን ያመኛል፤ ቤቱም ሰው ይበዛበታል።

ለአሳታሚዎቹ ግን መልሱን ልንገርህ። ድምፁን አይንኩት። መቅጃም ይዘህ አትምጣ። መዝለያ ቁልፉን ከፈለጉ ያስገቡ፤ የቸኮለ ይዝለል። ስለ መጨረሻው አንተ እወቅ። እኔ አሁን ስለ መጨረሻ የማስብበት ጭንቅላት የለኝም።

ከደብዳቤህ ውስጥ አንዲት መስመር ለማንም አላነበብኩም። አንተ አላጠፋህም፤ እውነቱን ጻፍልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ።

ምስጋኑ የአጎትህን የሸዕባንን ሱቅ አድራሻ ጠይቆኝ መርካቶ መሆኑን ነግሬዋለሁ። ከሰሞኑ ብቻህን አትክረም። አጎትህ ጋ እየሄድክ እደር።

ንጋት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ ንጋት፣

አላህ ያጽናሽ። የኔታን ነፍሳቸውን ይማር። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የየኔታ ሰላምታ አለመኖሩን አይቻለሁ። አይቼም እንዳላየ ሆንኩ። «አሟቸዋል፣ ስለዚህ ነው» አልኩ። ብቻህን አትክረም ያልሽኝን ግን አልሰማሁሽም፤ ክፍሌ ነበርኩ።

እንዴት እንደሰማሁ ልጻፍልሽ። ማለዳ ሱብሒ ሰግጄ ገና ምንጣፉን ሳላነሳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ሸዕባንና ምስጋኑ ናቸው። አጎቴ በዚያ ሰዓት ቤቴ መጥቶ አያውቅም። ገብተው ተቀመጡ። ምስጋኑ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ። በእናቴ አገር በደላንታ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቀኝ። አጎቴ «ቁርስ በልተሃል?» አለኝና ዳቦ አወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ሰላምታ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ታፈረ «አያልቅም» ብሎ ቀልዶበት ነበር። ወላሂ ንጋት፣ እንዳያልቅ ነበር የፈለግኩት። ምስጋኑ ዝናቡን ሲጨርስ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት፤ ስለ መንገዱ ሲጨርስ ስለ አውሮፕላኑ። ታገሰኝ። ሁሉንም መለሰልኝ። ከዚያ አጎቴ እጄን ያዘ።

በሐዘንሽ ሰሞን ያቺ የታፈረ ቃል በእኔ እጅ ተጽፋ ቤትሽ መግባቷ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ይቅር በይኝ ብዬ ሌላ ምን ልጨምር?

ከነገሩኝ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። አከራዬ ፈትሂያ ለቅሶዬን ሰምታ መጣች። ላሊበላን አታውቅም። የኔታን አታውቅም። «ማን ነው?» ሳትል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎኔ ተቀመጠች። ቀጥሎ የግቢው ሰዎች መጡ። ማታ ምግብ ይዘው ተመለሱ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። እኔ ጌሙን ስጽፍ መርዶው ከተነገረ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ ለካ ሰው ነው የሚመጣው። ጌሙን በእናትየው በር ላይ ያቆምነው ይህን ስላላየሁ ነው። ታፈረ «ፈርተው ነው» ማለቱ ልክ ነበር።

አሳታሚዎቹን እምቢ ብያቸዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ከገበያቸው ያወርዱታል። በራሳችን ገጽ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ የፈለገ ያገኘዋል። እኔ ለክሊኒኮች ወረፋ መያዣ ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ ተቀጥሬያለሁ። ሥራው አይከፋም፤ ስለ ነፍስ የሚጠይቀኝ የለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የእናትየውን ቤት ውስጡን ትስይልኛለሽ? ድምፅ አይኖረውም። ማንም የየኔታን ቦታ አይተካም። ከደከመሽ ግን ተይው፤ ማንም አይጠይቀንም።

ጣሃ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ጣሃ፣

እንደምን ከረምክ? ረመዳኑንም ዒዱንም በሰላም አሳለፍክ? አጎትህን አመስግንልኝ። ምስጋኑ ሁሉንም ነግሮኛል፤ ስለ መንገዱ የጠየቅከውንም።

ስለ አባባ መጨረሻ ልንገርህ። ገናን ቤታቸው ዋሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ሄደ። ሐሳባቸው ሙሉ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ተጠግቼ አዳመጥኩ፤ ሦስተኛውን ቤት እየተለማመዱ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ ማለዳ አረፉ። ያንተ ደብዳቤ በሣልስቱ ደረሰ። ታፈረን አልሰሙትም። ቢሰሙትም ይስቁ ነበር እንጂ አይከፋቸውም፤ የተከፋሁት እኔ ነኝ። አሁን እሱም አልፏል።

በደብዳቤ ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ብቻውን ሆኖ የአባቱን መርዶ ከወረቀት ላይ አይሰማም። አንተም ልጃቸው ነህና።

አርባቸውን ካወጣን በኋላ ሴቶቹ ሊያጫውቱኝ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ምስጋኑ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ጌሙን አዲስ አበባ ጭኖት ነበር። እኔ እስከዚያች ቀን አላየሁትም። «ዛሬ ይከፈት» አሉ። ጎረቤቴ ይማርሽ ከፊት ተቀመጠች፤ ማውሱን ግን አልነካም ብላ «እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ» እያለች እኔን ታዘኛለች።

እንግዲህ የነሱን ሂስ ልጻፍልህ። አንዷ ገና በመጀመሪያው ቤት እንቅልፍ ወሰዳት። ሌላዋ «ወለተ ሐና ይኼን ያህል መንገድ ሄዳ እግሯን የሚያጥባት የለም?» ብላ ተቆጣች። ውሻውን ወደዱት። ድንጋዩን አላደነቁም፤ በየቀኑ ያዩታል። የአባባ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይማርሽ ብቻ መለሰችላቸው። ማሰሮውን ስነካ «ይህ ማሰሮ የአማቷ ነበር» ሲሉ፣ «እውነትዎን ነው የኔታ» አለች፤ እንደ ቤት ወሬ። ከዚያ ወዲያ እስኪያልቅ እየመለሰችላቸው ሄደች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «መጎተቱንስ ይጎትታሉ፤ ቅዳሴም ላይ እንዲሁ ነበሩ» አለችና ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ሰላምታው ላይ ማንም አልተሰላቸም። ይልቅ ተጨቃጨቁ። የእህትየው ቤት ላይ አንዷ «አሁን ንገሪያት!» ስትል ሌላዋ «ኧረ ትብላ መጀመሪያ! ሆዷ ባዶ ነው!» እያለች።

የእናትየው በር ጋ ደረስን። ጠቅ አደረግኩ። ስክሪኑ ጨለመ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች ይማርሽ።

«አይ፣ አለቀ» አልኳት።

«ምኑ? ገና አልገባችም እኮ!»

«እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እና እናቲቱን ማን ይይዛታል?» አለችኝ።

እንድስልልህ የለመንከኝም ይኸው ነው። እምቢ ልልህ ነበር፤ ደክሞኝ፣ ቀለሙም ደርቆ፣ ማን ያየዋል ብዬ። በማግሥቱ ግን ብሩሽ ዘፈዘፍኩ። እጄ ከብዷል፤ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። መስመሬን ሦስት አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ሴቶች አሉ። አንዷ ከኋላ ደግፋታለች፣ አንዷ ወገቧን ይዛለች፣ አንዷ ውሃ ይዛ ከበሩ እየገባች ነው። የእናትየውን ፊት እስል እስል ብዬ አልሆነልኝም። ከየት በኩል ብመጣ የአንዷ ትከሻ ይከልላታል። አሁን ትቼዋለሁ፤ አይታይም።

ሸራው በምስጋኑ ሻንጣ አይገባም። መንገዱ ሰሞኑን ክፍት ነው ይላሉ። ደብዳቤ ሰለቸኝ ጣሃ፤ ራስህ ናና ውሰደው፤ ከመሄድህ በፊት ከእኛ ጋር ትንሽ ተቀመጥ።

ንጋት